ሀሁን በዜማ የሚወርድ፣ ‹ቆ›ን ነጥሎ የማያውቅ ልጅ

ባለፈው እሁድ ማታ በሰፈራችን የወላጆች መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጥዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 19 መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ። በሳምንቱ 41 ደረሰ። ብዙ ሰው ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞበት መሀል ላይ እንደተወው ነገረኝ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩትን በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱማ ባይገለበጥ ይሻላል።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቼ የአውቶቡስ ሰልፍ እይዛለሁ፤ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። የሰባት ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ ከአክስቴ ጋር ይውላል። እውነቱን ለመናገር የሚውለው እህቴ ከአሜሪካ ከላከችለት ታብሌት ጋር ነው። ታብሌቱ ላይ ፊደል የሚያስተምር ቪዲዮ አለ። ልጄ ከ‹ሀ› እስከ ‹ፖ› ያለውን 231 ፊደል አንድ ሳይስት በዜማ ይወርደዋል። እንግዳ ሲመጣ አስወርደዋለሁ። ደረቴ ይነፋል።

ቅዳሜ ዕለት ሚስማር ልገዛ ስወጣ ተከተለኝ። የሱቁ በር ላይ ‹ቆርቆሮ› ተብሎ ተጽፏል። አንብብልኝ አልኩት። ዝም አለ፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ስሰማው ከ‹ሀ› ጀምሮ እያዜመ ነው። ፊደሉ ገበታው ላይ የት እንዳለ ያውቃል፤ ስሙን የሚያገኘው ግን እያዜመ ሲደርስበት ነው። ‹ቀ› ዘጠነኛው ቤት ነው። 62 ፊደል አልፎ 63ኛው ላይ ‹ቆ› ሲደርስ ፊቱ በራ። ከዚያ ለ‹ር› እንደገና ከ‹ሀ› ተነሳ። ጎረቤት ቡና ለመጠጣት በየቀኑ መስቀል አደባባይ ደርሶ መመለስ ማለት ነው። ባለሱቁ ሚስማሩን መዝኖ ጨርሶ ይጠብቀናል።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ታብሌቱ ልጄን ያስተማረው ፊደል ነው ዘፈን? ልቀማው ወይስ ሌላ አያያዝ አለው?

መልስ ቁጥር 1 ቀልደኛ ነው። ልጅሽ ቢያንስ ‹ቆ› ላይ ደርሷል፣ የእኔው ‹መ› ላይ ደክሞት ውሃ ይጠይቃል በሚል መንፈስ ጻፈ። ቁጥር 2 የቤት ለቤት ማስጠናት ማስታወቂያ ነበር፤ አወያዩ አጠፋው። ቁጥር 3 የካ አባዶ የምትኖር እናት ናት። በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። የእሷ ልጅ በጣት እያስከተለ በሚያስጽፍ አፕ ፊደል የለየችው በሦስት ወር ነው፤ ስለዚህ ታብሌትን መኮነን አይገባም። ችግሩ የመጣው እርሳስ ሲሰጣት ነው። ጣት መስታወት ላይ ሲንሸራተት አይጫንም፤ እርሳስ ግን ካልተጫኑት አይጽፍም። ልጅቷ ደብተር ላይ የምትጽፈው በፀሐይ ካልተያዘ አይነበብም። ደግሞ አፑ ከየትም ቢጀመር ልክ ነው ይላል፤ ስለዚህ ‹በ›ን ከእግሩ ወደ ላይ ነው የምትጽፈው።

ቁጥር 4 ላይ ጋሼ መጡ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ስማቸውን መድረኩ ላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የልጄ ነገር አዲስ በሽታ እንዳልሆነ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ድሮ እንደሚያውቀውና መድኃኒትም እንዳበጀለት አስረዱ። ልጁ ሀሁን በዜማ ስለወረደ ፊደል አወቀ አይባልም። ቀጥሎ አቡጊዳ ይገባል። ‹አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ› እያለ ይሄዳል። አንዱ ግዕዝ፣ ቀጥሎ ያለው የሌላ ቤት ካዕብ፣ ከዚያ የሌላ ቤት ሣልስ። በየእርምጃው ቤቱም ይለወጣል፣ መደቡም ይለወጣል። የሀሁ ዜማ እዚህ ላይ አያድንም። ፊደሉን በዓይኑ ያልለየ ልጅ ይያዛል። ስለዚህ ጥፋቱ የታብሌቱ ሳይሆን ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚፈሰው ቪዲዮ ነው ባይ ናቸው። ምክራቸውም ቀላል ነበር፦ የፓስታ ካርቶን ቆራርጪ፣ ፊደል ጻፊበት፣ እንደ ካርታ በውዢው።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ መልሴን አግኝቼ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር።

ቁጥር 5 አያት አካባቢ የሚኖር ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ነው። ገና ሲጀምር ተናዶ ነው የጀመረው። የቄስ ትምህርት ቤትን እንደ ገነት መሳል እንደማይዋጥለት፣ እሱ ራሱ የኔታ ጋ ሲማር ከፊደሉ ይልቅ ቁንጥጫው እንደሚታወሰው ጻፈ። ቀጥሎ ያመጣው ግን ጠንካራ ነገር ነው። አቡጊዳንም እኮ በዜማ ነው የሸመደድነው አለ። ሁለት ዘፈን ማወቅ ማንበብ ከሆነ እሺ። አባባሉ ሻካራ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። እኔም ከአያቴ የሰማሁትን አቡጊዳ እስከ ዛሬ እወርደዋለሁ፤ አንድም ቀን በፊደልነቱ አይቼው አላውቅም።

ቁጥር 6 ጋሼ በሁለት መስመር መለሱ። ቁንጥጫውን አልካዱም። ወጣቱም ስለዜማው ልክ ነው አሉ፤ ለዚህም ነው ጥሩ የኔታ ስንደዶውን ይዞ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከመሀል ወደ ዳር የሚዘለው። ሥራውን የሚሠራው ገበታው ሳይሆን ስንደዶው ነው። ይህን መልስ 30 ሰው ወደደው። ወጣቱም ከወደዱት አንዱ ነበር።

ከቁጥር 7 እስከ 10 ስለ ፊደል ብዛት ነው። 231 ማለቴ ስህተት ነው ተባልኩ። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ግን እነ ‹ቋ›፣ ‹ኳ›፣ ‹ጓ› የት ገቡ? ዲቃላ ፊደላት ፊደል አይደሉም ወይ? ‹ቨ›ስ? አንዱ ቆጠረ፣ ሌላው ደምሮ አረመው፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አረመ። አራተኛው ማንም ሳይጠይቀው ቁጥሮቹን በግዕዝ አኃዝ ጻፋቸው። ልለፈው።

ቁጥር 11 ደግሞ ከዚሁ ተነስቶ ሞክሼ ፊደላት ይውጡልን አለ። ‹ሀ›፣ ‹ሐ›፣ ‹ኀ› ለአንድ ድምፅ ሦስት ልብስ ነው፣ ሕፃን ልጅ ለምን ይሠቃያል የሚል ነው ሐሳቡ። ጋሼ ቁጥር 12 ላይ የ‹ሠዓሊ›ን እና የ‹ሰአሊ›ን ነገር አነሡ። በግዕዙ አንዱ ሥዕል የሚሥል ነው፤ ሌላኛው ለማኝ፣ አማላጅ፣ ‹ሰአሊ ለነ› እንደሚባለው። ፊደሉን ከቀላቀልነው ሠዓሊው ሲለምን ይውላል። ያ ወጣት በዚህ ጊዜ ለጠብ አልመጣም። ከሥራው ያየውን ነው የተናገረው፦ ኮምፒውተር ‹ሐኪም›ን እና ‹ሀኪም›ን ሁለት የተለያዩ ቃላት ነው የሚላቸው። አንዱን ፈልገሽ ሌላውን አታገኚም። የሆስፒታል መዝገብ ላይ አንድ ሰው በሦስት ዓይነት ፊደል ሦስት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ወይ ይውጡ፣ ወይ ደግሞ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንጻፍ። መካከለኛውን እሱ አያውቀውም። እኔ ከሁለቱም ጋር ነኝ፤ ይህ ደግሞ መድረክ ላይ የማያዋጣ አቋም ነው።

ቁጥር 13ን ቀስ ብላችሁ ስሙት። የጻፉት አቃቂ የሚኖሩ አባት ናቸው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋ ያስተማረና ኢትዮጵያን በዩኔስኮ በኩል ያሸለመ ነው። እሳቸው ግን ስለ ሽልማቱ ብዙ አላሉም። ስለ ኩራዙ ነው የጻፉት። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ማታ በኩራዝ ነበር የሚያስተምሩት። ያኔ የነበራቸው ቴክኖሎጂ ኩራዝ፣ ጠመኔና በየሳምንቱ ባትሪ የሚጨርስ አንድ ሬዲዮ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ አብዛኛው ሰው ስሙን መጻፍ ችሎ ፈተናውን አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያው ቀበሌ ለለቅሶ ሲሄዱ ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ረስተውት አገኙ። የሚነበብ የለም፣ የሚጻፍ የለም፤ በምን ይታወስ? አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ብቻ እንኳን ሊረሱ ጭራሽ አሻሽለው ጠበቋቸው። ልጃቸው ወታደር ነበር። ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር።

ይህን መልስ ሳነብ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ሳሪስ አቦ መውረጄን ረስቼ አለፍኩ።

ግን መድረክ ነውና ቁጥር 14 ያን ሁሉ ዘሎ ፕላዝማ አመጣ። ቴክኖሎጂ የምትሉኝ ከሆነ በፕላዝማ የተማረውን ጠይቁ የሚል ነው። ወይ ጉድ! ክሩ ነደደ። ከ15 እስከ 19 ያለው ሁሉ ፕላዝማ ነው። ለማታውቁት፦ በ1997 አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ጥግ ይዞ ይቆማል። ፕላዝማዋ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች። ስድሳ ተማሪ አፉን ከፍቶ ያያታል። እሷ ማንም ሳይመልስ ጎበዞች ብላ ታልፋለች። እኔ ራሴ የዚያ ትውልድ ነኝ። እንግሊዝኛ ከፕላዝማ አልተማርኩም፤ ሳይገባኝ ራስ መነቅነቅን ግን ተምሬያለሁ። እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ ይጠቅመኛል።

ከእነዚህ መካከል ቁጥር 17 አሳዘነኝ። ያን ጊዜ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራው የፕላዝማውን ሳጥን ቁልፍ መያዝ እንደነበር ጻፈ። ተማሪው ጥያቄ ሲኖረው ስርጭቱ አይቆምለትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ፤ ለእሱ ነው የሚያጨበጭቡት፤ ያኔ ማስተማር ይጀምራልና። ቁጥር 18 ይህን ሁሉ ማማረር ነው ብሎ አጣጣለው። የገጠር ተማሪ ከከተማው እኩል አንድ ዓይነት ትምህርት ያገኘው በፕላዝማ ነው ባይ ነው። ሐሳቡ ልክ ሊሆን ይችላል። ንግግሩ ግን የሰውን ቁስል መርገጥ ነበር፤ ቁጥር 19 ይህንኑ ትንሽ በጠነከረ ቃል ነገረው።

ቁጥር 20 ጥሩ አንባቢ ነው። በፈረንጆቹ 2012 በዓለም ዙሪያ የተወራውን የታብሌት ሙከራ አስታወሰን። አንድ የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ወንጪ ላይና ወለንጪቲ አካባቢ የሞቶሮላ ታብሌት ሰጠ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ልጅ ነው። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም፤ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ብቻ። ድርጅቱ እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ አበሩት፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በወራት ውስጥ የተዘጋባቸውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱ። እንግዲህ ልጅን ተዉት፣ ራሱ ይማራል ነው መልእክቱ።

ቁጥር 21 የየካ አባዶዋ እናት ናት። ያ ሁሉ ትሕትና የት እንደሄደ እንጃ። ዘመሩ እኮ ነው የሚለው፣ እንደ ቱሉ ዲምቱው ልጅ ዘመሩ፤ ለዚህ ነው ዓለም ያጨበጨበው? አለች። ደግሞ ያ ታሪክ ላይ አንድ ልጅ ራሱ ጻፈ የተባለው ቃል ‹አንበሳ› ነው፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። የአንበሳ አገር ልጅ፣ አንበሳን በራሱ ቋንቋ የሚጽፍበት አፕ ስላልተጫነለት በፈረንጅኛ ጻፈው። ወቀሳዋ ለልጁ አይደለም፤ ለጫኞቹ ነው። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም።

ቁጥር 22 ኮዬ ፈጬ የምትኖር እናት ናት። ልጇ ትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚማረው፤ ቤት ውስጥ ከአያቱ ጋር አማርኛ ያነባል። ቁቤውን፣ የአፋን ኦሮሞውን የላቲን ፊደል፣ ቶሎ ለመደ፤ ፊደሉ ግን ከበደው። አንድ ነገር አሳየችን፣ እኔ አስቤው የማላውቀው። ቁቤ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፤ ስለዚህ ያየኸውን ታነባለህ። አማርኛ ግን ማጥበቅና ማላላቱን አይጽፍም። ‹ዋና› የሚዋኙት ይሁን ዋነኛው፣ ‹ገና› ጊዜው አልደረሰም ይሁን በዓሉ፣ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ተመልሶ ነው የሚያውቀው። አያቱ ይስቃሉ፤ እሱ ያለቅሳል። ቁጥር 23 እና 24 ቁቤ የሚለውን ቃል ሲያዩ ወደለመዱት ፖለቲካ ሄዱ። አወያዩ አጠፋቸው፤ እኔም አልደግማቸውም። ቁጥር 25 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ስልክ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው አለ። የእሱ ስልክ የገናን በዓል አላልቶ ነው የሚያነበው። ቁጥር 26 ታብሌቱ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። ስጦታ ነው ብዬ ነበር እኮ!

ቁጥር 27 ያ ወጣት የጻፈው ረጅም መልስ ነው። በዚህ ጊዜ ሙዱ ሌላ ነው፤ ማንንም አልነካም። እኛ ወላጆች ልጆቻችንን አማርኛ ጻፉ የምንል፣ ራሳችን ለምን በፈረንጅ ፊደል እንደምንጽፍ ነው ያብራራው። ድሮ የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተበላሸ ምልክት ብቻ ይሆናል። የአባቱ የመመረቂያ ጽሑፍ በፍሎፒ እንዳለ ነው፤ ፍሎፒው ቢከፈት እንኳ አይነበብም። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያም በኋላ ስልኮቻችን ለብዙ ዓመት አራት ማዕዘን ሳጥን ነበር የሚያሳዩን። የአጭር መልእክት ነገርም አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በአማርኛ ግን 70 ብቻ። ሰላምታውን ሳትጨርሺ ሁለተኛ ሂሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ድሃ ሆነን ነው በላቲን መጻፍ የጀመርነው። አሁን ምክንያቱ ቀርቷል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ማረሚያም የለንም ማለት ይቻላል። አንድ ግሥ ራሱ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውን ሁሉ በአንድ ቃል ይሸከማል። ‹አልሰበርኩላችሁም› ማለት ዓረፍተ ነገር ነው። በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚሠራ ማረሚያ ልክ የሆነውንም በቀይ ያሰምርበታል። መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ለእናቱ የሚልከው ድምፅ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ከጻፈላት ስንት ዓመት እንደሆነው አያስታውስም።

ቁጥር 28 የሚያለቅስ ፊት ብቻ ለጥፎ ሄደ።

ቁጥር 29 የግል ትምህርት ቤት መምህርት ናት። በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ሲዘጋ የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ተጀመረ። ኮሮናው ሄደ፤ ቴሌግራሙ ቀረ። የአንደኛ ክፍል ልጅ የቤት ሥራ በእናቱ የእጅ ጽሑፍ እየመጣላት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ቻትጂፒቲ ገብቷል። ዘንድሮ መስከረም ላይ ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ የሚል ድርሰት አዘዘች። ሦስት ልጆች ፀሐይዋ እያቃጠለች ባሕር ዳርቻ ላይ የአሸዋ ቤት እንደሠሩ ጻፉ። ሐምሌና ነሐሴ፣ በቱሉ ዲምቱ! ያን ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማሽኑ ክረምትን የፈረንጅ በጋ አድርጎ አስቦት ነው። አንዱ ልጅ ስትጠይቀው ባሕሩ የት ነው፣ አቃቂ ወንዝ ነው ብሎ ለማዳን ሞከረ።

ቁጥር 30 ግን አልሳቀም። የሱሉልታ አባት ነው። ክፍያ በየዓመቱ እየጨመራችሁ ማስተማሩን ለእኛ በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ ከዚያ እናት ጻፈችው ትላላችሁ የሚል ነው። እናንተስ የትምህርት ዕቅዳችሁን በምን እንደምትጽፉ አናውቅምን? ብሎ ዘጋው። ቁጥር 31 መምህርቷ መለሰች። አዎ፣ ዕቅዷን በዚያው እንደምትጽፍ አመነች። አንድ ክፍል ውስጥ የ58 ልጅ ድርሰት ማታ ማታ ታርማለች፤ ዕቅዱን በእጇ ከጻፈች ድርሰቱን የሚያርም የለም። ቁጥር 32 ሁለቱንም አስታርቃለሁ ብሎ ገብቶ ከሁለቱም ተሰደበ።

ቁጥር 33 ለእኔ ከሁሉ በላይ የሠራችልኝ ናት። እዚያው ኮዬ ፈጬ ትንሽ ሱቅ አላት። አጻጻፏ ላይ ነጥብም ሰረዝም የለም፤ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የሦስተኛ ክፍል ልጇን የዱቤ ደብተር አስይዛታለች። ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳቦ፣ ማን እንደወሰደ ልጅቷ ናት የምትጽፈው። ስማቸው በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያይ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። አንድ ቀን ልጅቷ ሳድሱን ካዕብ አድርጋ ጻፈችው፤ የአንዷ ዘይት ለሌላዋ ተቆጠረ። በወሩ መጨረሻ ደጃፍ ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ፊደል ስትጽፍ እግሩንና እጁን ሁለት ጊዜ ታያለች። ሱቁ ውስጥ ቴሌብር አለ፣ ስልክም አለ። ደብተሩን ግን አልተዉትም።

ከ34 እስከ 36 ያሉት ዱቤ መስጠት ተገቢ ነው አይደለም በሚለው ላይ ናቸው። የራሳቸውን ክር ይክፈቱ።

ቁጥር 37 እኔ ነኝ። የአቃቂውን አባትና የባለሱቋን ነገር አንድ ላይ ሳስበው ዋልኩ። ሰኞ ማታ እህቴን ደወልኩላት። ልጄ ሁልጊዜ በድምፅ ነው የሚያወራት። ከእንግዲህ ድምፅ ሲልክልሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ አልኳት። ሲጽፍልሽ ብቻ መልሺ፣ አንቺም በአማርኛ ጻፊ። ብስክሌት እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ማክሰኞ ሦስት የድምፅ መልእክት ላከ፣ መልስ የለም። ረቡዕ ማታ ስገባ ታብሌቱን ታቅፎ አክስቴን ፊደል ሲጠይቃት አገኘሁት። አንድ መስመር ለመጻፍ ሙሉ ምሽቱን ፈጀ። ‹ብስክልት› ብሎ ላከው። እህቴ ደግሞ ክፉ ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ብስክልት የሚባል ነገር ተፈልጎ እንዳልተገኘ መለሰችለት። ልጄ አነበበው። በዜማ ቢሆንም አነበበው። ተናደደ። ከዚያ ቃሉን ቀስ ብሎ እየጠራ፣ እየጠራ፣ የጎደለችውን ‹ሌ› አገኛት።

ቁጥር 38 ወጣቱ ነው፤ የሚጠቅም ምክር ነው የሰጠው። ቃል አስቀድሞ የሚገምተውን ነገር ከኪቦርዱ ላይ አጥፊበት አለኝ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ነው የሚጽፈው። አንድ ፊደል ሲነካ ሰባቱን የሚያወጣ ኪቦርድ እንድጭንለትም መከረ፤ ያኔ ልጁ ከ‹ሀ› መነሳቱ ቀርቶ ከቤቱ ብቻ ይነሳል። ጨምሮም ለእናቱ እንደጻፈላት ነገረን። እናቱ ደንግጠው ደወሉ፤ ምን ሆነህ ነው ብለው። ቁጥር 39 ታብሌቱን ካልፈለግሽው ልግዛሽ አለኝ። ይሄ ቁጥር 26 ራሱ ነው መሰለኝ።

ቁጥር 40 የልጄ ነው። ክሩን ሳነብ ከጎኔ ሆኖ ሲያይ ‹ስንደዶ› የሚለው ቃል ዓይኑ ገባ። ምንድን ነው አለኝ። ጋሼን ጠይቃቸው አልኩት፤ ስልኬን ሰጠሁት። ‹ስ›ን፣ ‹ን›ን፣ ‹ደ›ን ዝም ብሎ አገኘ። ‹ዶ› ላይ ሲደርስ ግን አዜመ። ከ‹ደ› ተነስቶ፣ ሰባቱን ብቻ።

ቁጥር 41 ጋሼ መለሱለት። እንደ ትልቅ ሰው ነው የጻፉለት። ሣር መሆኑን፣ ከዚያ የኔታ እጅ ላይ ሲደርስ መጠቆሚያ፣ የእናቶች እጅ ላይ ሲደርስ ደግሞ መሶብ እንደሚሆን ነገሩት። ቤታችሁ ያለውን መሶብ ጠጋ ብለህ እየው አሉት። ልጄ ሄዶ አየው። እኛ ቤት ያለው የፕላስቲክ ነው። ይህንኑ ሊነግራቸው ስልኬን መልሶ ወስዶብኛል፤ ‹ፕ›ን እየፈለገ ነው፤ እሷ ደግሞ የመጨረሻው ቤት ናት።